«ማሳ» እና «የሙከራ መደብ»
የእርሻ ኮሌጅ በ1976 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተባት በሐዋሳም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ የፍራፍሬ ሙከራን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው «ማሳ» አሳሳች ቃል ነው። ማሳ የእርሻውን መሬት በጠቅላላ ያመለክታል፤ ተመራማሪው የሚሻው ግን አንድ ዓይነት እንክብካቤ የሚያገኘውንና ምርቱ ለብቻው የሚመዘነውን ክፍል ነው። ይህን «የሙከራ መደብ» እንለዋለን፤ መደብ የመቀመጫና የኅብረተሰብ ትርጉም ቢኖረውም፣ «የችግኝ መደብ» አስቀድሞ መንገዱን ጠርጓል።

የመደቡ መጠን በአቮካዶና በማንጎ ዘወትር በዛፍ ቁጥር ይነገራል። ፌርፊልድ ስሚዝ በ1938 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ መደቡ ሲሰፋ የአማካይ ምርቱ መዋዠቅ ይቀንሳል፤ ቅነሳው ግን እየደከመ ይሄዳል። ተስማሚው መጠን እንግዲህ ተጨማሪ ዛፍ ወጪውን መካስ የሚያቆምበት ወሰን ነው።

4 ዝርያዎች በ4 ድግግሞሽ፣ በየመደቡ 6 ዛፍ ቢተከሉ 96 ዛፍ ይሆናል። «በማሳው 6 ዛፍ» ብሎ የተረጐመ ግን 90ውን ዛፍ በአንዲት ቃል ነቀለ።