በሥዕል የሚነበብ ታሪክ፦ ከቤተ መቅደስ ግድግዳ እስከ «ሀዊ»

ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው በ10 ሳንቲም ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. አንድ ቅጂው 3.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ይህን ያህል ያስወደደው የሥዕሉ ጥበብ ብቻ አይደለም። ርካሽ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ልጅ አንብቦ ሲጨርስ የሚጥለው ነገር ስለነበር የተረፈው ጥቂት ነው። የአሮጌ ኮሚክ ናፍቆት የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ በመጀመሪያ ብዙ ልጅ እጅ መግባቱ፣ ቀጥሎም ከብዙው እጅ መጥፋቱ።

በምዕራብ ሸዋ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ ወይም ጌዶ ያደገ ጎልማሳ እንዲህ ያለ ትዝታ ብዙም የለውም። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል ማንበብ ግን አዲስ አይሆንበትም። የጎደለው የጥበቡ ዓይነት ሳይሆን ልጅ የራሴ ብሎ የሚይዘው ቅጂ ነው።

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ መንገድ ላይ አዲስ ዓለም ትገኛለች። የአዲስ አበባ ማገዶ እያለቀ ሲያስቸግር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ ግንባታ አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አተረፋት፤ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረውም ሥራ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ ዓለም ማርያምን በመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት ምእመኑ መጻሕፍቱን ከማንበቡ በፊት ሥዕሉን ያነባል።

ይህ ንባብ የራሱ ሕግ አለው። ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእ ወይም ጠላት በጎኑ ይሣላልና የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ገና ከሩቅ ይለያል። ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶ የሚወጋውን ለመለየት ማንም ስሙን ማንበብ አያስፈልገውም። የበላዔ ሰብእ ታሪክ ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። 78 ሰው የበላው ሰውዬ በአንዱ ሥዕል ሲበላ፣ በሌላው በእመቤታችን ስም ለለመነው ጥሙ የጠናበት ሰው ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ በመጨረሻው ነፍሱ በሚዛን ላይ ስትቆም ይታያል። ያው ሰው በተለያየ ጊዜ ጎን ለጎን ተሥሎ፣ በመካከል ያለፈውን ጊዜ የሚሞላው ተመልካቹ ነው። ኮሚክ መጽሐፍም የሚሠራው በዚሁ ስልት ነው።

ስልቱ ከግድግዳ ወርዶ ሸራ ላይ የሰፈረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሠርት ዓመታት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች ከቤተ ክርስቲያን ሥራ ጎን ለጎን ለገበያ መሣል ጀመሩ። ከሁሉም የታወቀው የንግሥተ ሳባ፣ የማክዳ ታሪክ ነው። አንድ ሸራ ብዙውን ጊዜ ወደ 44 ክፍል ይሸነሸናል። ሕዝብ የሚገብርለት ዘንዶ ይገደላል፤ ማክዳ ትነግሣለች፤ ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ዝና ይዞላት ይመጣል፤ ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ትወርዳለች፤ መጨረሻ ላይ ቀዳማዊ ምኒልክ ከታቦቱ ጋር ይመለሳል። በየክፍሉ «ስትሄድ»፣ «ሲቀበላት» እያለ የሚያስረዳ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ሰዎቹ ራሳቸው በአፋቸው አይናገሩም፤ ሠዓሊው ይተርክላቸዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ለምን ኮሚክ መጽሐፍ አልሆነም? አንደኛው ምክንያት እያንዳንዱ ሸራ በእጅ የሚሣል መሆኑ ነው። ሁለተኛው ገዢው ነው፤ ሸራውን በብዛት የገዙት ዲፕሎማቶችና ቱሪስቶች ስለነበሩ አሮጌዎቹ ሥዕሎች ዛሬ ውጭ አገር ሙዚየሞችና ሳሎኖች ውስጥ ይገኛሉ። ሦስተኛው ኅትመት ነው። በቀድሞው ማተሚያ ጽሑፍ በለቀማ ፊደል ይደረደራል፤ ለእያንዳንዱ ሥዕል ግን የብረት ቅርጽ ማሠራት ያስፈልጋል። በየገጹ ስድስት ሰባት ሥዕል ያለው መጽሐፍ ከልቦለድ ይልቅ ውድ ይሆናል፤ የሚጠብቀው አንባቢ ደግሞ ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ታሪክ ለሕዝብ የሚደርሰው በጋራ በሚታይ ነገር ነበር። አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ተማሪ ሳለ የጻፈው የንጉሥ ዲዮኒስዮስ ቴአትር በትምህርት ቤቱ መድረክ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታይቷል። ቴአትርም ሆነ የግድግዳ ሥዕል ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ እያስረዳ ሌላው እየሰማ የሚያየው ነው። ኮሚክ ግን ልጅ ብቻውን ጥግ ይዞ የሚያነበው፣ ለጓደኛው የሚያውሰው የግል ንብረት ነው።

እንዲህ ያለው ንባብ ኢትዮጵያ ምድር ላይ ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም፤ ይሁንና አንባቢው የወራሪው ልጅ ነበር። ሁጎ ፕራት በ1937 እ.ኤ.አ. በ10 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ከጣልያን መጣ። ጣልያን ከተሸነፈ በኋላ ድሬዳዋ በነበረ የእስረኞች ካምፕ ሳለ ከጠባቂዎቹ ኮሚክ ይገዛ ነበር። ኋላ ኮርቶ ማልቴዝ የተባለውን የኮሚክ መርከበኛ ፈጥሮ በዓለም ታወቀ፤ ከታሪኮቹ ጥራዞች አንዱንም ያኖረው በዚሁ በአፍሪካ ቀንድ ነው።

ከእኛው አንዱ የመጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ጀግናው አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ አዲስ ተመራቂ ነው። ቀጥሎ የመጣችው ሀዊ ናት፤ ከአሜሪካ ከእናቷ ጋር መጥታ፣ እናቷ ስትታገትባት ኃይሏን የምታገኝ ወጣት። ሀዊ አምቦ ውስጥ ከየሰፈሩ የሚጠራ ስም ነው። የሸራው ንግሥት በአጃቢ ብዛት ትከበር ነበር፤ እነዚህ ግን ቅጥርና ቤተሰብ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ንግግራቸውም ከራሳቸው አፍ ይወጣል።

በስልክ የሚነበብ ቅጂ የኅትመቱን ወጪ ያቃልላል። ሆኖም የአምቦ ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ለእርሱ እንዲደርስ ጽሑፉ በቁቤ መሆን አለበት። ኮሚክ ለዚህ ይመቻል፤ ሥዕሉ እንዳለ ይቆይና የሚቀየረው የንግግሩ ጽሑፍ ብቻ ነው። በስልክ ብቻ ከቀረ ግን አሮጌ የሚባል ነገር አይኖረውም፦ ዳሩ የተበላ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስም የተጻፈበት ቅጂ የለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ የምዕራብ ሸዋ ሰው የልጅነት ኮሚኩን እንዲፈልግ ከተፈለገ፣ ዛሬ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው፣ ከተቻለም የራሱ የሆነ የወረቀት ቅጂ ሊኖረው ይገባል።