የኮምፒዩተርን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ ኤስ ኤስ ዲ ስለ ማዛወር

አንድ ኮምፒዩተር ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ሲፈጅ ባለቤቱ «አርጅቷል» ብሎ ሌላ ለመግዛት ያስባል። ነገሩን በጥንቃቄ ለመረመረ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ዘገምተኛው በውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው። ማሽኑን የሚያስነሣውንና የሚያስተዳድረውን ዋና ፕሮግራም፥ ማለት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፥ ከዚያ አንሥቶ ሶሊድ ስቴት ድራይቭ፥ ባጭሩ ኤስ ኤስ ዲ፥ በሚባለው ማከማቻ ላይ ማኖር ይቻላል።

ሃርድ ዲስክን በ1956 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ያ የመጀመሪያው ማሽን 50 ሳሕን መሰል ክቦች ነበሩት፤ ይይዝ የነበረው ግን 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የተነሣች አንዲት ፎቶግራፍ ያንን ቦታ ብቻዋን ልትሞላው ትችላለች። መጠኑ እንዲህ ቢለወጥም የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም፤ ክቡ ይሽከረከራል፥ ማንበቢያውን የተሸከመውም ክንድ ወደሚፈለገው ስፍራ ይሄዳል። በደቂቃ 7200 ጊዜ በሚዞር ዲስክ ላይ ክንዱ ቦታውን እስኪያገኝ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የሚፈለገው መረጃ ዞሮ ከሥሩ እስኪደርስ ደግሞ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ይጨመራል። እንግዲህ ተራ በተራ ቢጠየቅ በሰከንድ ከመቶ ያነሰ ጥያቄ ይመልሳል ማለት ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲነሣ የሚፈልገው ደግሞ በየስፍራው የተበተኑ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ነው። የመዘግየቱ ምሥጢር ይኸው ነው።

ኤስ ኤስ ዲ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። መረጃው በኤሌክትሪክ ቻርጅ መልክ በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ስለሚቀመጥ፥ ከየትም ስፍራ ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ የሚሊሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ከመግዛት በፊት ማሽኑ የሚቀበለው ሳታ ወይም ኤም ዶት ቱ የተባለውን ዐይነት መሆኑን መመልከት ይገባል። ከዚያም ፋይሎቹን እንደ ተራ ጽሑፍ መገልበጥ አይበቃም። ማሽኑ ሲበራ አስቀድሞ የሚፈልገው የመነሻ ፕሮግራም በአብዛኛው ከዓይን በተሰወረ ትንሽ የዲስክ ክፍል ላይ ይገኛልና፥ ዊንዶውስ በሙሉ ቢገለበጥ እንኳ እርሱ ከሌለ ማሽኑ አይነሣም። ስለዚህ ዲስኩን ከነስውር ክፍሎቹ የሚቀዳ፥ እንደ ክሎንዚላ ያለ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ይህኛው ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ይበል። ፕሮግራሙ ከየትኛው ዲስክ ወደ የትኛው እንደሚገለበጥ ይጠይቃል። የሚያሳየው ስም ኤስ ዲ ኤ እና ኤስ ዲ ቢ የሚል ብቻ ሊሆን ስለሚችል፥ የሁለቱን መጠንና ሞዴል አስቀድሞ በወረቀት ላይ መጻፍ ይሻላል። ሁለቱን ማቀያየር ማለት አዲሱን በአሮጌው ላይ መጻፍ ነውና፥ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍም ሆነ የዓመት የትምህርት ማስታወሻ ሊጠፋ ይችላል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ ሐሳባችንን አያውቅም። ስለዚህ የማይተኩትን ፋይሎች በሦስተኛ ማከማቻ ላይ ገልብጦ፥ ያንንም ነቅሎ ማስቀመጥ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመገልበጥ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋስ? አሮጌው ዲስክ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ ብዙም አያሠጋም፤ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው የሚያንስ ሆኖ የአሮጌውን ክፍል ማጥበብ ካስፈለገ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ በራሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋልና ባትሪው ያልሞላ ላፕቶፕ ይዞ መጀመር ድፍረት ነው።

ቅጂው ሲያልቅ ማሽኑን አጥፍቶ አሮጌውን መንቀልና በአዲሱ ብቻ ማስነሣት ያስፈልጋል። አለዚያ ማሽኑ በአሮጌው ተነሥቶ ሳለ ባለቤቱ ሥራው የተሳካ ሊመስለው ይችላል።

ኤስ ኤስ ዲ የፕሮሰሰርን ፍጥነት አይጨምርም። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃበትን ዊንዶውስ 10ንም አያድሰውም፤ ወደ ዊንዶውስ 11 ወይም ወደ ሊኑክስ ለመሻገር ያሰበ ሰው አሮጌውን ከመቅዳት ይልቅ በአዲሱ ዲስክ ላይ እንደ አዲስ ቢጭን ይሻለዋል። አሮጌው ሃርድ ዲስክም ጤነኛ ከሆነ አይጣልም፤ አዲሱ ለጥቂት ሳምንታት በደኅና ከሠራ በኋላ ለቅጂ ማስቀመጫ ይሆናል።