«ስንት ጂቢ ነው?» ከማለታችሁ በፊት

ግምጃ ቤት ከተማ ውስጥ ጌም ቤት ሊከፍት የተነሣ አንድ ወጣት አራት ግራፊክስ ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ እንድገጥምለት ይዞልኝ መጣ። ገንዘቡ ቤተሰቡ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ አክስሎ ሸጦ ያጠራቀመው ነው። ማጫወት የፈለገው ኤፍሲ 25ን ነበር። የጌሙን ዝቅተኛ መስፈርትም በወረቀት ገልብጦ ይዟል፤ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጂቢ» ይላል። ከካርቶኑ የወጣው ግን ጂቲ 730 ነው፣ 4 ጂቢ። «ጋሼ፣ አራት ጂቢ ይላል፤ እኔም አራት ጂቢ ገዛሁ» አለኝ። ሻጩ ጋ ሲደወል «የጠየቀኝን ነው የሰጠሁት» አለ። አልዋሸም። ካርዱ ፌክ አይደለም፣ አልተቃጠለም፣ 4 ጂቢውም እውነተኛ 4 ጂቢ ነው። እስካሁን የሚከነክነኝም ይኸው ነው፤ ማንም ሳያጭበረብር አንድ ቤተሰብ ገንዘቡን አጣ።

የአንድ ልጅ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። ከእንጅባራ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከዳንግላ የሚመጣው የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ፣ እዚሁ ከተማችን ያለው የጌም አፍቃሪ፣ ሁሉም የሚጀምሩት «ቪጂኤው ስንት ጂቢ ነው?» ብለው ነው፤ ቪጂኤ የሚሉት ግራፊክስ ካርዱን ነው። የቴሌግራም ቻናሎቹም ይህንኑ ያውቃሉ። «4 ጂቢ ዴዲኬትድ፣ ለጌምና ለኤዲቲንግ ምርጥ፣ ስላይትሊ ዩዝድ» ብለው ይለጥፋሉ፤ የካርዱን ሙሉ ስም አይጽፉም። ገዢው አይጠይቅማ! ይህን ጥያቄ ከሰው አፍ ለማውጣት ብዙ ደክሜያለሁ፤ ዛሬ በጽሑፍ ልሞክር።

ያን ቀን ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ አንዱን ካርድ ሰካሁና ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩ። ትንሽ ግራጫ መስኮት ናት፤ ካርድ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊያነባት ይገባል። የሜሞሪው መጠን 4096 ሜጋባይት ይላል። ከእሱ አጠገብ ግን ማንም የማያያቸው ሦስት መስመሮች አሉ። የሜሞሪው ዓይነት ዲዲአር3። የባሱ፣ ማለትም ዳታው የሚመላለስበት መንገድ፣ ስፋት 64 ቢት። ባንድዊድዙ 14.4 ጊጋባይት በሰከንድ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው 1050 ቲአይ በእነዚሁ ቦታዎች ላይ ጂዲዲአር5፣ 128 ቢት እና 112 ጊጋባይት በሰከንድ ያሳያል። ሁለቱም 4 ጂቢ ናቸው፤ አንዱ ግን በሰከንድ የሚያመላልሰው ዳታ የሌላውን ስምንት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ጎተራው ምንም ያህል ቢሰፋ፣ በአፉ በኩል የሚወጣው በአንድ ጊዜ አንድ ጣሳ ብቻ ከሆነ ድግስ አያበላም። ጌም ማለት ደግሞ በሰከንድ 60 ጊዜ አዲስ ምስል መሳል ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ከሜሞሪው ብዙ ዳታ ይጠይቃል።

የበለጠ የሚገርመው እዚያው ዘመን ውስጥ ያለው ልዩነት ነው። (የካርዶቹንና የጌሞቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ጂቲ 730 በገበያ የዋለው በ2014 ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በብዛት የሚገኘው በ2 ጂቢ ነው፤ ባንድዊድዙ ግን 86.4 ጊጋባይት በሰከንድ፣ የ730ው ስድስት እጥፍ ነው። ባለ 2 ጂቢው ባለ 4 ጂቢውን አርቆ ጥሎት ይሄዳል። «ስንት ጂቢ ነው?» ብሎ የገዛ ሰው ግን ከሁለቱ ደካማውን መርጦ፣ የተሻለውን የገዛ መስሎት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

ስም ማወቅ ብቻውንም አይበቃም። ጂቲ 1030 የሚባለው በ2017 በጂዲዲአር5 ወጣ፣ በ2018 ደግሞ በዚያው ስም በዲዲአር4 ወጣ። የመጀመሪያው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያመላልሳል፣ ሁለተኛው ወደ 17 ይጠጋል። የሁለቱም ጂቢ 2 ነው፣ የሁለቱም ስም 1030 ነው። አርቲኤክስ 3060ም እንዲሁ ነው። በ2021 መጀመሪያ የወጣው ባለ 12 ጂቢ፣ 192 ቢት፣ 360 ጊጋባይት በሰከንድ ነበር፤ በ2022 መጨረሻ አካባቢ በዚያው ስም የመጣው ባለ 8 ጂቢ ግን 128 ቢት እና 240 ጊጋባይት ነው። አምራቾች ደካማውን ዕቃ በጠንካራው ስም መሸጣቸው ጥፋት ነው ባይ ነኝ። ጥፋቱን የሚከፍለው ደግሞ እንደኛ ከሩቅ ሆኖ፣ ዕቃውን ሳይነካ፣ ብር አስቀድሞ ልኮ የሚገዛው ሰው ነው።

ላፕቶፕና ዴስክቶፕ የሚሸጡ ሰዎች አንድ ሌላ ነገር ያደርጋሉ። የዊንዶውስን የዲስፕሌይ መረጃ ከፍተው «ጠቅላላ የግራፊክስ ሜሞሪ፦ 8 ጂቢ» የሚለውን ያሳያሉ። ያ ቁጥር ከራሙ ላይ የሚበደረውን ጨምሮ ነው። ከሥሩ ዝቅ ብላችሁ ብታነቡ ዴዲኬትድ የሚለው 128 ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ማለትም ማሽኑ ውስጥ ያለው ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራው የኢንቴል ግራፊክስ እንጂ የተለየ ካርድ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የእኛ ሰው ካርድ ሲገዛ ለሁለት ዓመት አይደለም፤ ለስድስት፣ ለሰባት ዓመት ነው። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ርካሽ ካርድ ገዝቶ በሁለተኛው ዓመት የለወጠ ሰው ሁለተኛውን የገዛው በሌላ ዋጋ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ይህ ካርድ እስከ መቼ ያገለግለኛል?» ተብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ጂቢ ብቻውን መልስ አይሆንም።

ካርድን የሚያስረጀው መጀመሪያ ዘመኑ ነው፤ ቺፑ ምን መሥራት እንደሚችልና አምራቹ እስከ መቼ ድራይቨር እንደሚያወጣለት። አምራቹ ኤንቪዲያ ኬፕለር ለተባለው ትውልድ (አብዛኛው ጂቲ 730 ከዚያ ነው) የጌም ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በ2021 ነው። ለማክስዌልና ለፓስካል፣ ማለትም ለ750 ቲአይ፣ ለ900ና ለ1000 ተከታታይ ካርዶች ደግሞ በ2025 አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2028 የደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ነው የሚወጣው። ካርዱ በማግስቱ አይሞትም። 1060 ያለው ሰው ዛሬም ኤፍሲ 25ን ይጫወታል፣ ጂቲኤ 5ንም ይጫወታል፤ እኔም ጣሉት አልልም። ዛሬ ብር አውጥቶ ለብዙ ዓመት ብሎ ለሚገዛ ሰው ግን አልመክርም።

ለማያምነኝ አንድ ምሳሌ አለኝ። በ2017 የወጣው ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ በዘመኑ ወደር ያልነበረው፣ ባለ 11 ጂቢ ካርድ ነው። በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌም በዚህ ካርድ ላይ አይነሣም። ጌሙ ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን አካሄድ እያሰሉ ምስል መሳል) የሚሠራ ሃርድዌር የግድ ይፈልጋል፤ 1080 ቲአይ ያ የለውም። በዝቅተኛ መስፈርቱ የተጻፈው አርቲኤክስ 2060 ሱፐር ነው፣ ባለ 8 ጂቢ። አሥራ አንዱ ደጅ ቀርቶ ስምንቱ ገባ። «ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ» በ2025 ያንኑ ጠየቀ። መንገዱ ወደዚያ እየሄደ ነው።

ጂቢ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቺፑ ጠንካራ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ዘመኑ አዲስ ከሆነ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው ጂቢው ነው። የ2020ው አርቲኤክስ 3070 በጉልበት ከ3060 ይበልጣል፤ ሜሞሪው ግን 8 ጂቢ ስለሆነ በ2023 በወጡ አንዳንድ ጌሞች ላይ ከፍተኛውን ቴክስቸር መሸከም አቃተውና መቆራረጥ ጀመረ። ደካማው 3060 በ12 ጂቢው ያንን ይሸከመዋል። ጂቢ ይጠየቅ፤ በቅደም ተከተሉ ግን በመጨረሻ ይጠየቅ።

ሌላው የምናገረው፣ ሰው ግን ሰምቶ የሚያልፈው ነገር ፓወር ሰፕላዩ ነው። እዚህ አካባቢ ያሉት ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ከቢሮ ወጥተው የመጡ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ናቸው። ጥሩ ማሽኖች ናቸው፤ ጠባቦቹ ግን ብዙ ጊዜ ፓወር ሰፕላያቸው 240 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ፒን ገመድም የላቸውም። ካርዱ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ የሚያገኘው እስከ 75 ዋት ብቻ ነው። 3060 ደግሞ 170 ዋት ይበላል። ይህን ስናገር ብልሃተኛ የሆነ ሰው ከሳታ ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ይዞ ይመጣል። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒኑ 75 ሊጠይቀው ይችላል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከመሰኪያው ጋር የተጣበቀ አዳፕተር በፒንሳ ነቅያለሁ፤ ሽታው ከክፍሉ ቶሎ አይወጣም። መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ ይህን አደጋ የሚወስድ ሰው ልጆቹ የሚያድሩበትን ቤት እያሰበ ይሁን።

ለእነዚህ ማሽኖች የምመክረው የ2024ቱን ባለ 6 ጂቢ አርቲኤክስ 3050 ነው። የሚበላው 70 ዋት ነው፣ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቅም፣ ለጠባብ ኬዝ የሚሆን አጭሩም አለ፣ ሬይ ትሬሲንግም አለው። ስትገዙ ግን «6 ጂቢ» የሚለውን አረጋግጡ፤ ባለ 8 ጂቢው 3050 ገመድ የሚፈልግ ሌላ ካርድ ነው። እዚህ ላይ ትንሹ ቁጥር ነው የሚሻላችሁ። በጀታችሁ ከዚህ ዝቅ ካለ ባለገመድ ያልሆነ ጂቲኤክስ 1650። በአንጻሩ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ አዲስ ነው ተብሎ ሲመጣ ለእነዚህ ማሽኖች እምቢ እላለሁ፤ ከማዘርቦርዱ ጋር በአራት የዳታ መስመር ብቻ ስለሚገናኝ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ጉልበቱ ይታነቃል፣ ባለገመድም ነው። ሰፊ ኬዝና አስተማማኝ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ላለው ሰው ባለ 12 ጂቢው 3060፣ ያገለገለም ቢሆን፣ በእኛ ስክሪን ላይ ለዓመታት ይበቃዋል። እዚህ የማየው ስክሪን ቢበዛ 1920 በ1080 ነው፤ ለፎርኬ የተሠራ ካርድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ስላገለገለ ካርድ አጭር ነገር ልበል። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱ (ማይኒንግ የሚሉት) ሲያበቃ ቀን ከሌት ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች በዓለም ገበያ ፈሰዋል። ማይኒንግ የሠራ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ፋኑ ይታይ፣ ፈርማርክ በሚባለው መፈተኛ ፕሮግራም ላይ ሩብ ሰዓት ይሞከር። የአሮጌ ካርድ ባዮስ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ተብሎ የሚሸጥም አለ፤ ጂፒዩ-ዜድ ብዙዎቹን «ፌክ» ብሎ ያጋልጣቸዋል።

ለሻጮች አንድ ልመና አለኝ። ቻናላችሁ ላይ ስትለጥፉ ሙሉ ስሙን፣ የሜሞሪውን ዓይነትና የባሱን ስፋት ጻፉ፤ አንድ መስመር አይሞላም። ገዢዎች ደግሞ ብር ከመላካችሁ በፊት የፓወር ሰፕላያችሁን ስቲከር ፎቶ አንሥታችሁ ለምታምኑት ባለሙያ አሳዩ፤ ከዚያም ሻጩን ካርዱ ተሰክቶ ሳለ የጂፒዩ-ዜድን መስኮት ሙሉውን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። አልልክም ካለ አትግዙ።