ሞክሼዎቹ ፊደላት ከነስማቸው

የመንዝ በግ በጠጉሩና በላቱ ይታወቃል። ከጠጉሩ በርኖስና ዝተት ይሠራል፤ ላቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ደግሞ ሥብ ነው። እዚያው መንዝ፣ ሞላሌ ገበያ በግ ሊገዛ የወጣ ሰው ላቱን በእጁ ከመዘነ በኋላ «ሠብቷል» ወይም «አልሠባም» ይላል። ቃሉን አፍ ላይ ማንም አይስተውም። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ጥያቄ ይመጣል፤ በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ?

መልሱ ግእዝ ዘንድ አለ። በንጉሡ ሠ የሚጻፈው ሠብሐ ወፈረ፣ ሠባ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ የሚጻፈው ሰብሐ ግን አመሰገነ ማለት ነው። የበጉ ሥብ ከመጀመሪያው ግስ ይወለዳል፤ በማሕሌት የሚሰማው ስብሐት ከሁለተኛው። ለጆሮ አንድ የሆኑት እነዚህ ሁለት ቃላት የማይዛመዱ መሆናቸውን የምትነግረን አንዲት ፊደል ብቻ ናት።

ስም የተጋሩ ሰዎች ሞክሼ ይባባላሉ። ንባባቸው አንድ፣ መልካቸው የተለያየ ፊደላትም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ወገን ናቸው፤ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ደግሞ ጥንድ ጥንድ። የአብነት ትምህርት ቤት የኔታዎች እነዚህን የሚለዩበት ዘዴ በጣም የሚያስደንቀኝ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል እሱው ካለበት ቃል ስም አውጥተውለታል። ሃሌታው ሀ ስሙ ከሃሌ ሉያ ነው፤ ሐመሩ ሐ መርከብ ማለት ከሆነው ሐመር፤ ብዙኃኑ ኀ ከብዙኅ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፉ አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያለ ይቀጥላል። ልጁ ስሙን በያዘ ጊዜ ቢያንስ አንድ ቃል አጻጻፉን ሳይስት ያውቃል፤ ንጉሥን በእሳቱ ሰ፣ ጸሎትን በፀሐዩ ፀ አይጽፍም።

እነዚህ ፊደላት ለጌጥ የተፈጠሩ አይደሉም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ላይም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይገኛሉ። ድምፆቹ ከጊዜ በኋላ ተዋሐዱ፤ ፊደላቱ ግን ቀሩ። ከሐ እና ከዐ ድምፅ ጋር መተዋወቅ የሚፈልግ ትግርኛ ተናጋሪ ያዳምጥ፤ ዛሬም ከጉሮሮ ሲወጡ ይሰማል። ሠ እና ሰ በትግርኛም ተቀላቅለዋል፤ ዐረብኛ ግን ልዩነቱን ጠብቆታል። በግእዝ ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወይም ጨረቃ ወጣ ማለት ነው፤ ምሥራቅ የተባለው ከዚህ ነው። ሰረቀ ያው የምናውቀው ስርቆት ነው። ዐረቡ የመጀመሪያውን «ሸረቀ»፣ ሁለተኛውን «ሰረቀ» ይለዋል። ስለዚህ ሠርቀ ብርሃን የተባለ ሰው ስሙ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ የብርሃን መውጣት ይሆናል፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ወደ ስርቆት ይዞራል። ስም ያወጡለት ወላጆቹ ይህን አላሰቡም።

ድምፁ ጠፍቶ ፊደሉ መቅረቱ የኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ሞላሌ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ «ናይት» የሚለውን ቃል በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ያጠናል፤ አንዱ ሌሊት፣ ሌላው ባለማዕረግ ፈረሰኛ ነው። የፈረሰኛው ፊት ላይ የማይነበብ የኬ ፊደል ተቀምጧል፤ ድሮ እንግሊዞቹ ያነቡት ነበር። ተማሪው ይህን ሳያጉረመርም ይሸመድዳል፤ ቢስት ነጥብ ይቀነስበታል። በገዛ ፊደሉ ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሰው አለማግኘቱ ያሳዝነኛል።

ልዩነቱ ከሁሉ የሚጎላው ጸሎት ውስጥ ነው። ሠዐለ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ ሠዓሊም ከዚህ ይመጣል። ሰአለ በእሳቱ ሰና በአልፉ አ ለመነ ማለት ነው፤ ስእለት የዚህ ልጅ ነው። ምእመናን «ሰአሊ ለነ» ሲሉ ለምኝልን ማለታቸው ነው። ይህንኑ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ የጻፈ ሰው «ሥዕል ሣይልን» ብሏል። አመትና ዓመትም እንዲሁ ናቸው። በአልፉ አ ሲጻፍ ገረድ፣ አገልጋይ ማለት ነው፤ አመተ ማርያም የማርያም አገልጋይ ናት። በዐይኑ ዐ ሲሆን የዘመን መቁጠሪያችን ነው።

ይህን ሁሉ ለይቶ ለማስቀመጥ የሸዋ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ሥራውን ሳያሳትሙት ስላረፉ አደራው በደስታ ተክለ ወልድ ላይ ወደቀ። መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ አዲስ አበባ ላይ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ቅደም ተከተሉ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው፤ ስለዚህ ሠ እና ሰ ተራርቀው ተቀምጠዋል። የቃሉን ፊደል ያልለየ አንባቢ በተሳሳተው በር ገብቶ የሚፈልገውን ሳያገኝ ይመለሳል። ያን ጥራዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጠ ሁሉ ይህን ቀምሶታል።

ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚል ወገን አለ፤ በደርግ ዘመንም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ይህንኑ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም። አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳል፤ «ስጋ ቤት» ተብሎ በእሳቱ ሰ ቢጻፍ የሚሳሳት ገዢ የለም። የጥንት ብራናዎችም ቢሆኑ ፊደላቱን ሲያቀላቅሉ ይታያሉ። የግእዝ ዘር በሌለው ቃል ላይ መጨቃጨቁም ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ዘሩ በሚታወቀው ቃል ላይ ግን ፊደሉን መጣል የቃሉን ዘመዶች መካድ ነው፤ ልጆቻችን ሥብን ከሠባ፣ ምሥራቅን ከፀሐይ መውጣት ጋር የሚያገናኙበትን ክር እንበጥስባቸዋለን።

የሚጠራጠር ሰው የቃሉን ቤተሰብ ይጠይቅ። መሀረ በሃሌታው ሀ አስተማረ ነው፤ ትምህርትና መምህር የሱ ናቸው። መሐረ በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ነው፤ ምሕረትና መሐሪ፣ ዓመተ ምሕረትም ጭምር የሱ ናቸው። እንግዲህ ብዙዎች የሚቸገሩበት ምሁር የሚለው ቃል የየትኛው ቤተሰብ ነው? የተማረ ሰው ለማለት ከሆነ የመምህር ዘመድ ስለሆነ በሃሌታው ሀ ይጻፋል፤ በሐመሩ ሐ ምሑር ካልነው ይቅርታ የተደረገለት ሰው ይሆናል።