የትኛው ቤት ይንኳኳ? ልጁስ በምን ይለካ?

ጤፍ የሚገዛ ሰው ጆንያውን ሙሉ ዘርግፎ አያይም። አንድ ዝግን አንሥቶ መዳፉ ላይ ይበትንና ንጣቱን፣ አፈሩንና እንክርዳዱን ይመለከታል። ልምድ ያለው ገዢ ግን ከአፉ ላይ ብቻ አይዘግንም፤ ክንዱን እስከ ጆንያው ሆድ ሰድዶ ከመሐልም ከታችም ያወጣል። ነጋዴው ማለፊያውን ከላይ አድርጎት እንደሆነስ? በማኅበራዊ ሳይንስ ናሙና የሚወሰድበት ዘዴ ሁሉ የመጣው ከዚህ ጥርጣሬ ነው።

ጥርጣሬው ሲዘነጋ የሚሆነውን አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1936 አይተዋል። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው ታዋቂ መጽሔት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ አሸናፊ አስቀድሞ ለመናገር ወደ 10 ሚሊዮን ሰዎች መጠይቅ ላከ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ደረሰው። በዚያ ተማምኖ አልፍ ላንደን በ57 በመቶ ድምፅ ያሸንፋሉ አለ። ያሸነፉት ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነበሩ፤ ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠቅልለው ወሰዱ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ብዙ ድሃ ስልክም መኪናም አልነበረውም። መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውም ከአራት ሰው አንዱ ያህል ብቻ ነው። በዚያው ምርጫ የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሉፕ 50 ሺህ ያህል ሰው ጠይቆ አሸናፊውን አውቋል።

ወደ ጆንያው ሆድ እንዴት እንደሚዘለቅ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2008 ዓ.ም. ጥናቱን ሲያካሂድ የተነሣው በ1999 ዓ.ም. ለሕዝብ ቆጠራ ከተዘጋጁት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነው። አንዱ ቦታ በአማካይ 181 ቤተሰብ ይይዛል። ከዝርዝሩ 645 ቦታዎች በዕጣ ወጡ። ከዚያ በየቦታው ያሉት ቤቶች ተመዝግበው ከየመዝገቡ 28 ቤተሰብ ተመረጠ።

ዕጣ የወጣለት ቤት ተዘግቶ ቢገኝስ? ጎረቤት ገብቶ መጠየቅ ይቀላል። የጥናቱ ደንብ ግን ይህን ይከለክላል። ቀኑን ቤቷ የምትውል ሴትና ገበያ ወይም እርሻ ውላ የምትገባ ሴት ኑሯቸው አንድ አይደለም። የተዘጋው ቤት ሁሉ በጎረቤት ከተተካ፣ ናሙናው ሳይታወቅ ወደ ቤት ዋዮች ያዘነብላል። ስለዚህ ጠያቂዋ ተመልሳ ትመጣለች። ሰው ከሚኖርባቸው 17,067 የተመረጡ ቤቶች ውስጥ 16,650ው መልስ ሰጥተዋል።

በሩ ተከፍቶም ሥራው ገና ነው። ጥናቱ ከሚለካቸው ነገሮች አንዱ መቀንጨር ነው፤ መቀንጨር የሚባለውም የልጅ ቁመት ለዕድሜው ሲያንስ ነውና፣ ቁመቱም ዕድሜውም በትክክል መታወቅ አለባቸው። «መቼ ተወለደ?» ስትባል እናት «የጥምቀት ሰሞን» ልትል ትችላለች። የየትኛው ዓመት ጥምቀት? ጠያቂዋ በዓሉን፣ አዝመራውን፣ የታላቅየውን ልደት እያነሳሳች ወሩንና ዓመቱን ትፈልጋለች። ስድስት ወር ከተጨመረበት ደህናው ልጅ የቀነጨረ ይመስላል፤ ከተቀነሰለት የቀነጨረው ደህና ይመስላል።

ቁመቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በመለኪያ ሰሌዳው ላይ ተጋድሞ ይለካል፤ የሞላው ቆሞ። ተኝቶ የተለካ ልጅ ቆሞ ከሚለካው ቁመት በ7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማልና። ተመራማሪዎች ከአንድ መለኪያ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፤ ደጋግሞ ሲለካ ያንኑ ውጤት እንዲሰጥ፣ የሚሰጠውም ውጤት እውነተኛው እንዲሆን። ጫፉ ሁለት ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ ሜትር የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ግን ሁልጊዜ የተሳሳተ ነው።

ቁመቱና ዕድሜው በትክክል ቢታወቁም፣ ልጁ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ውጤቱን ይለውጠዋል። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 52 በመቶው መቀንጨራቸውን ዘግቦ ነበር። ልጆቹ የተነጻጸሩት ከአሜሪካ ልጆች በተወሰደ የእድገት መመዘኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ጋናንና ሕንድን ጨምሮ ከስድስት አገሮች ልጆች የተገኘ አዲስ መመዘኛ አወጣ። የ1992ቱ መረጃ በአዲሱ ሲሰላ 52 የነበረው 58 በመቶ ሆነ። ከልጆቹ አንድም አልተጨመረም፣ የማንም ቁመት አልተለወጠም። የ2008ቱ ጥናት ያገኘው 38 በመቶ ነው። ይህን ከአሮጌው 52 ጋር የሚያስተያይ ሰው ቅናሹን 14 ነጥብ ይለዋል፤ ሁለቱም በአንድ መመዘኛ ሲታዩ ግን ቅናሹ 20 ነጥብ ነው።