ዝም ያለው ሰርቨር ሞቷልን?

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ አበው። የባንክ ሒሳብን፣ የሆስፒታል መዝገብን ወይም የተማሪዎችን ውጤት የያዘ ዳታቤዝ ሳይቋረጥ እንዲሠራ የሚተጉ ባለሙያዎች የሚመሩበት መርሕ በመሠረቱ ይኸው ነው። ከዋናው ሰርቨር ሌላ ተመሳሳይ ቅጂ የያዘ ተጠባባቂ ሰርቨር ያቆማሉ፤ ዋናው ሲወድቅ ተጠባባቂው ሥራውን ይረከባል። ይሁን እንጂ ምሳሌያዊ አነጋገሩ አንድ ነገር ሳይነግረን ያልፋል። የባላ መሰበር በዓይን ይታያል፤ ለመሆኑ በገመድ ማዶ ያለ ኮምፒውተር መሞቱ በምን ይታወቃል?

የጥያቄውን ክብደት የተረዳሁት አዳማ ውስጥ በአንድ የልምምድ ክፍለ ጊዜ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮችን አገናኝተን አንደኛውን ዋና፣ ሌላውን ተጠባባቂ አደረግን። ተጠባባቂው ከዋናው ለአምስት ሰከንድ ምልክት ካጣ ራሱን ዋና አድርጎ እንዲሾም አዘዝነው። የዋናውን የኤሌክትሪክ ገመድ ስንነቅል ተጠባባቂው በሰዓቱ ተተካ፤ ክፍሉም አጨበጨበ። ሙከራውን ስንደግም ግን አንዲት ተማሪ የኤሌክትሪኩን ትታ በሁለቱ መካከል ያለውን የኔትወርክ ገመድ ነቀለች። ዋናው አልሞተም፤ ተጠባባቂው ግን ሞቷል ብሎ ሥልጣን ያዘ። ከአንደኛው ፊት የተቀመጠው ልጅ ለአንድ የፈጠራ ስም 78 ብሎ ውጤት መዘገበ፤ ከሌላው ፊት የተቀመጠው ለዚያው ስም 87። ሁለቱም ማሽኖች «ተመዝግቧል» አሉ። ገመዱን መልሰን ስንሰካ የትኛው እውነት እንደሆነ ሊነግረን የሚችል አልነበረም። ባለሙያዎች ይህን ሁኔታ የአእምሮ መከፈል ይሉታል፤ በእኔ አስተያየት ከመቋረጥ ይልቅ የከፋ ነው።

የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ይህን አደጋ ከጥንት ያውቁታል። በከተማችን መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ድርጅት ሁሉ ከመስመር ወደ ጄኔሬተር የሚያዛውር ማብሪያ ሊኖረው ይገባል። ይህ ማብሪያ አንደኛው ምንጭ ሳይለያይ ሌላው እንዳይገናኝ የሚከለክል መቆለፊያ አለው። ፌዛቸው ያልተጣጣመ ሁለት ምንጮች ቢገናኙ ጄኔሬተሩ ሊቃጠል፣ ወደ መስመር የሚመለሰው ኃይልም ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። በዳታቤዝም እንዲሁ ተጠባባቂው ከመሾሙ በፊት አሮጌው ዋና በእርግጥ እንዳይጽፍ መታገድ አለበት፤ አንዳንዶች ከሩቅ በሚታዘዝ ማከፋፈያ ኤሌክትሪኩን ጨርሰው ይቆርጡበታል። የዚህ ስልት የእንግሊዝኛ ስም ሲተረጎም «ሌላኛውን ማሽን ጭንቅላቱን ምታው» እንደማለት ነው፤ የኮምፒውተር ሰዎች ቀልድ መሆኑ ነው።

ታዲያ ስንት ሰከንድ እንጠብቅ? እ.ኤ.አ. በ1985 ማይክል ፊሸር፣ ናንሲ ሊንችና ማይክል ፓተርሰን የመልእክት መዘግየት ወሰን በሌለበትና አንድ ማሽን እንኳ ሊወድቅ በሚችልበት ሥርዓት ውስጥ፣ በዕድል ላይ ያልተመሠረተ ማንኛውም ስልት ማሽኖቹን ሁልጊዜ ለስምምነት እንደሚያበቃ ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጡ። የዘገየውን ከሞተው በእርግጠኝነት መለየት አይቻልምና። ስለዚህ የምንመርጠው የሰከንድ ቁጥር ግምት ነው። ሲያጥር በከንቱ ሹም ሽር ይበዛል፤ ሲረዝም አገልግሎቱ ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2018 የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሃብ በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው ግንኙነቱ ለ43 ሰከንድ ብቻ ተቋረጠ። ሥርዓቱ ሥልጣኑን ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዛወረ። በምሥራቅ የተጻፈው ጥቂት መረጃ ግን ወደ ምዕራብ አልደረሰም ነበር። ሁለቱን ለማስታረቅ ከ24 ሰዓት በላይ ፈጀ።

የአእምሮን መከፈል የሚከላከለው መፍትሔ ለእድርተኛ እንግዳ አይደለም፤ ምልዓተ ጉባኤ ነው። ማሽኖቹ ሦስት ከሆኑና ሹመት የሁለት ድምፅ ካስፈለገው፣ ገመድ ተቆርጦ ቢከፋፈሉ እንኳ አብላጫ የሚኖረው በአንድ ወገን ብቻ ነው። አራት ማሽን ከሦስት አይሻልም፤ አብላጫው ሦስት ስለሚሆን መቋቋም የሚችለው ያው የአንዱን ውድቀት ነው። ለፖስትግሬስ ዳታቤዝ በሰፊው የሚያገለግለው ፓትሮኒ የተባለ ፕሮግራም ለዋናው ሰርቨር የ30 ሰከንድ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩም በየ10 ሰከንዱ ያሳድሰዋል። ማሳደስ ካልቻለ ራሱን ያወርዳል። ቁጥሮቹ ሊለወጡ ይችላሉ።

ሌላው ቅንብር የፊዚክስ ነው። ዋናው «ተመዝግቧል» ከማለቱ በፊት የተጠባባቂውን ማረጋገጫ ይጠብቅ ወይስ አይጠብቅ? ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ብንል ደርሶ መልሱ ቢያንስ አንድ ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ሐዋሳ ከሆነ ከሁለት በላይ። ለአንድ የተማሪ መዝገብ ይህ ኢምንት ነው፤ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ለሚለዋወጥ አንድ ሒሳብ ግን ግድግዳ ነው። ካልጠበቀ ፈጣን ይሆናል፤ ያልተላለፈው መረጃ ግን ከማሽኑ ጋር ይጠፋል። ፓትሮኒ ሌላ ካልተነገረው አይጠብቅም፤ እስከ አንድ ሜጋባይት ወደ ኋላ የቀረ ተጠባባቂም እንዲሾም ይፈቅዳል። አንድ ውጤት ለመመዝገብ ጥቂት መቶ ባይት ከበቃ ይህ በሺዎች የሚቆጠር ውጤት ነው።

ተጠባባቂውን በዚያው ክፍል ማኖር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መብራቱ፣ ጣሪያውና መሬቱ የጋራ ናቸው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. አንስቶ ለወራት በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከሰቱት የመሬት መንቀጥቀጦች፣ ከእነርሱም መጠናቸው ከ5 በላይ የነበሩት፣ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። አዳማ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔና ሐዋሳ ሁሉም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናቸው። በመሆኑም ሦስቱንም ድምፅ ሰጪዎች እዚህ ባልሰበስብ እመርጣለሁ። ከተሞቹ ቢራራቁም ገመዶቹ በአንድ ቦይ ካለፉ አንድ እስካቫተር ይበቃቸዋል።

ተጠባባቂ ሰርቨር የማያድነው ጉዳትም አለ። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጨምሮ፣ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ፣ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መወሰዱን አስታውቋል። ሕያው የሆነ ማሽን ያለአግባብ የሚፈቅደውን ተጠባባቂው በታማኝነት ይገለብጠዋል። ለዚህ የሚበጀው በየጊዜው ተለይቶ የሚቀመጥ የቆየ ቅጂ ነው።

ወደ ልምምድ ክፍላችን ስንመለስ ሦስተኛ ኮምፒውተር ጨመርን፤ ፓትሮኒንም ጫንን። ያችው ተማሪ የዋናውን የኔትወርክ ገመድ ነቀለች። ማሽኑ ራሱን እስኪያወርድ ባሉት ሰከንዶች ውስጥ 78 ተመዘገበ፤ ገመዱ ሲመለስ ግን አልተገኘም፤ አዲሱ ዋና አያውቀውምና። ቀጥሎ ማረጋገጫ እንዲጠብቅ አዘዝነውና ደገምነው። ትእዛዙ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ልጁም ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ። «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል ግን ከማሽኑ አልወጣም።