አደንዛዥ ዕፆች፡ ዓይነታቸውና የሚያስከትሉት ጉዳት

የሰው ልጅ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ፣ ዕውቀትና ነጻ ፈቃድ የተሰጠው ክቡር ፍጥረት ነው። በዘመናችን ይህን ነጻ ፈቃድ ነጥቀው ብዙ ወጣቶችን ባሪያ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ነው። ብዙዎቻችን «አደንዛዥ ዕፅ» ሲባል ሐሺሽን ወይም ኮኬይንን ብቻ እናስባለን። ይሁን እንጂ የአንድ ነገር ጎጂነት የሚታወቀው በስሙ ወይም በገበያ በግልጥ በመሸጡ ሳይሆን በአእምሮ ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። ባለሙያዎችም የሚከፋፍሏቸው በዚሁ መሠረት ነው።

አነቃቂዎች፦ ጫት፣ በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን፣ ኮኬይንና አምፌታሚን ከዚህ ወገን ናቸው። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራሉ፤ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳሉ። ጫት እርጥቡ የሚመረጠው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከም ነው። ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1971 በጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበታል።

አፍዛዦች፦ አልኮልና እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች የአእምሮን ሥራ ያቀዘቅዛሉ።

ከኦፒየም ወገን የሆኑ ሕመም ማስታገሻዎች፦ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ትራማዶል በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ይጠቅማሉ፤ ያለ ትእዛዝ ሲወሰዱ ግን ለሱስ ይዳርጋሉ፤ መጠናቸው ካለፈም ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳሉ። ሄሮይንም ከዚሁ ወገን ነው።

አቃዣዎች፦ ኤልኤስዲን የመሳሰሉት የሌለውን እንዳለ አድርገው ያሳያሉ። ካናቢስ ደግሞ የማፍዘዝም የማቃዠትም ጠባይ አለው።

ከእነዚህ አብዛኞቹ በአእምሮ ውስጥ የደስታን ስሜት የሚመራውን ሥርዓት ያዛባሉ። ሰውነት እየለመዳቸው ሲሄድ የትናንቱ መጠን ለዛሬ አይበቃም። ሰውየውም ለደስታ የጀመረውን፣ ውሎ አድሮ ሕመሙን ለማስታገስ ይወስደዋል።

ጉዳቱ የሚከፋው ሲደባለቁ ነው። ቀን ጫት ሲቅሙ ውለው ማታ «ምርቃና ለመስበር» ወደ መጠጥ መሄድ «ጨብሲ» እየተባለ ተለምዷል። ይህም አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ ማጽናት ነው። አልኮልን ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር መውሰድ ደግሞ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ወላጆች የልጃቸው እንቅልፍና ጠባይ ሲለወጥ፣ ከቤት ገንዘብና ዕቃ ሲጠፋ፣ ከጉባኤና ከቤተሰብ ሲርቅ ቀርበው በፍቅር ሊጠይቁት ይገባል። ማዋረድና ከቤት ማባረር ሱሱን ያብሰዋል እንጂ አይፈውሰውም። ቤት ዘግቶ በግድ ማስተውም አደገኛ ነው፤ ለረጅም ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል ሕመም ሊነሣበት፣ ሊሞትም ይችላልና። ስለዚህ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል።

ሕክምና መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክት እንረዳለን (ቆላ. 4፥14)። ጸሎቱ፣ ጠበሉና ንስሐው ከመድኃኒቱ ጋር አይጣሉም። የንስሐ አባት ምክር ነፍስን ሲያጸና፣ ሐኪሙ ሥጋን ይረዳል። በሱስ የተያዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በሐፍረት ከቤተ ክርስቲያን እንዳይርቁ፣ እኛም በንቀት ዓይን እንዳናይ እንጠንቀቅ።

ቸሩ አምላካችን በሱስ የታሰሩትን ይፍታልን፤ አሜን።